ሕፃናት ይዞ ቅዳሴ መሄድ፦ ልቀጥል ወይስ እስኪያድጉ ልጠብቅ?

የሳቢያን እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ካቶሊክ ነኝ፤ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የስድስት ዓመት ሴት ልጅ፣ የአራት ዓመት ወንድ ልጅና መዳህ የጀመረ ሕፃን አሉኝ። ባለቤቴ የሚሠራው በባቡር መስመር ላይ ስለሆነ ብዙውን እሑድ ከከተማ ውጭ ነው። እሑድ ጠዋት ሦስቱን አጥቤ፣ አልብሼ፣ ባጃጅ ላይ ጭኜ ቤተ ክርስቲያን የማደርሰው እኔ ነኝ።

ከደረስን በኋላ የሚሆነውን እናቶች ሁሉ ታውቁታላችሁ። ምንባቡ ሳይጀመር ትንሹ መጮኽ ይጀምራል፤ ይዤው እወጣና ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር እቆማለሁ። ወንዱ ተከትሎኝ ይመጣና ውኃ ይላል፤ ውኃውን ከጠጣ በኋላ ደግሞ ሽንቴ መጣ ይላል። ስብከቱን የምሰማው በመስኮት በኩል ነው፣ ያውም የቬንቲላተሩ ድምፅ ካልዋጠው። ለቁርባን ስሰለፍ ሕፃኑ ከፊቴ ያለችውን ሴት ነጠላ ይጎትታል። ቤቴ ስገባ ምን እንደተነበበ እንኳን አላስታውስም። በድሬ ሙቀት ልጅ ታቅፎ ያን ያህል ሰዓት መቆምን የቀመሰው ያውቀዋል።

ባለፈው እሑድ አንዲት ትልቅ ሴት ዞር ብለው «ልጄ፣ እንዲህ ከምትንገላቺ ቤትሽ ሆነሽ ብትጸልዪ አይሻልም?» አሉኝ። በክፋት አልነበረም፤ የከበደኝም እሱ ነው። በክፋት ቢሆን ኖሮ ተናድጄ እተወው ነበር።

ቤትስ ብሆን ምን እጸልያለሁ? ማታ መቁጠሪያ ይዤ ስቀመጥ ከአምስቱ የመቁጠሪያ ምሥጢሮች ሁለተኛው ላይ ሳልደርስ እንቅልፍ ይጥለኛል። ሳላገባ በፊት በወጣቶች ማኅበር ውስጥ ነበርሁ፤ ሱባዔ እገባለሁ፣ ቅዱስ ቁርባን ፊት ተንበርክኬ ሰዓቱ ሲያልፍ አይታወቀኝም ነበር። አሁን የቀረኝ ጸሎት «ጌታዬ፣ ይህ ልጅ ዛሬ እንኳን ይተኛልኝ» የሚል ብቻ ነው።

ልጆቹ እስኪያድጉ ቅዳሴውን ብተወው ምን ትላላችሁ? «በርቺ» ብቻ ለማለት ያሰባችሁ ካላችሁ ይቅርባችሁ፤ እሱንስ ጠግቤዋለሁ።

---

ጀጎል ያደግሁ

እህቴ፣ እኔ ሐረር ነኝ፤ አራት ልጆች አሳድጌአለሁ፤ ሁሉም ራሳቸውን ችለዋል። በርቺ አልልሽም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ የምትቀመጪው የት ነው? ከኋላ በሩ አጠገብ አይደለም? ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው፤ ልጁ ሲጮህ ቶሎ ለመውጣት። ከኋላ የተቀመጠ ሕፃን ግን የሚያየው የሰው ጀርባና ነጠላ ብቻ ነው። እንዴት አይሰለቸው?

አንድ ጊዜ ቦታ ጠፍቶ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥሁ። የሦስት ዓመቱ ልጄ ሻማውን፣ የአባን ልብስ፣ ደወል የሚደውለውን ልጅ እያየ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሙሉውን ቅዳሴ ዝም አለ ብዬ አልዋሽሽም፤ እስከ ስብከቱ ድረስ ግን ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ፊት ነው የምንቀመጠው። በጆሮው የሚሆነውን እነግረዋለሁ፤ «አሁን አባ ኅብስቱን ከፍ ሊያደርጉ ነው፤ እየው»። እኔም ለልጁ ስነግር ሳላስበው ለራሴ እሰማለሁ።

ሕፃኑን ከመግባትሽ በፊት አጥቢው። ብስኩት የሚባል ነገር አትያዢ፤ የላስቲኩ ኮሽታ ከልጁ ለቅሶ የባሰ ይረብሻል።

---

ሥርዓት ይቅደም

በመካከላችሁ ስገባ ይቅርታ። ሁሉም ሰው ለእናቶች አዝኖ ሊጽፍ ስለሆነ ሌላውን ወገን ልናገር። እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው ያን አንድ ሰዓት ነው። ስብከቱ ሲጀመር ከቀኝ ሕፃን ይጮኻል፣ ከግራ ሌላው መኪና ይነዳል። ቤተ ክርስቲያን የጸጥታ ቦታ ናት። እኛ ልጆች ሳለን ወላጆቻችን በዓይን ብቻ ነበር የሚያስቀምጡን። ጠያቂዋን የመከሯት ሴት ክፉ ነገር አልተናገሩም። ልጁን ለዘመድ ወይም ለጎረቤት ትቶ መምጣት፣ ካልተቻለም ባልና ሚስት መፈራረቅ ይቻላል። ነውር የለውም።

---

የትምህርተ ክርስቶስ መምህር

ወይዘሮ፣ ለጥያቄሽ መጀመሪያ ሕጉን ላስቀምጥልሽ፤ ብዙ እናቶች ሳያውቁት ነው የሚጨነቁት።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ቁጥር 2181 የእሑድ ቅዳሴ ግዴታ መሆኑን ከተናገረ በኋላ፣ በከባድ ምክንያት የሚቀር ሰው ከግዴታው ነፃ እንደሆነ ይገልጻል። ለምሳሌ የሚጠቅሳቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ሕመምና የሕፃናት እንክብካቤ። በስም የተጻፈ ነው። ሕፃኑ ታሞ፣ ወይም የሚይዝልሽ አጥተሽ ጉልበትሽ አልቆ የቀረሽበት እሑድ ኃጢአት ሆኖ አይቆጠርብሽም። ለልጆቹም ቢሆን የቤተ ክርስቲያን ሕግ ማስገደድ የሚጀምረው ሰባት ዓመት ሞልቷቸው ማመዛዘን ሲችሉ ነው። ቀኖና 11 ነው።

ይሁን እንጂ ነፃ ማድረግና አትምጪ ማለት ይለያያሉ። አቶ ሥርዓት፣ ይህን በአክብሮት ለእርስዎም ነው የምለው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በጥር 2014 እ.ኤ.አ. በሲስቲን ቤተ ጸሎት ሕፃናት ሲያጠምቁ፣ ልጆቹ ርቧቸው ካለቀሱ እናቶቹ እዚያው እንዲያጠቧቸው ነግረዋል። ሚካኤል አንጄሎ በሣለው ጣሪያ ሥር ጡት ማጥባት ከተፈቀደ፣ ድሬዳዋ ውስጥ በቬንቲላተር ሥር የሚከለክል ነገር አይታየኝም።

---

የሳቢያን እናት

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁጥር 2181ን አላውቀውም ነበር፤ ትከሻዬ ቀለል አለኝ። ነገር ግን የሚያስጨንቀኝ ኃጢአቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቅዳሴው ናፍቆኛል። እዚያው ሆኜ ነው የሚናፍቀኝ።

ጀጎል ያደግሁ፣ ፊት መቀመጡን እሞክራለሁ፤ ሲጮህ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል መውጣቱን ሳስብ ግን ላብ ያሰምጠኛል።

አቶ ሥርዓት፣ ጎረቤትና ዘመድ ያሉት ጥሩ ነው። የእኔ ዘመዶች ወሊሶ ናቸው። ባለቤቴ ያለበትን አስቀድሜ ጽፌአለሁ።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ትልቋ ልጄ የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችንን ሕፃናት ሲቆርቡ አይታ «እነሱ ትንንሾች ሆነው ይቆርባሉ፤ እኔ ለምን እከለከላለሁ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

---

የለገሃሬ አያት

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ልጄ ካቶሊክ አግብታ በእነሱ ሥርዓት ተክሊል ፈጽማለች። የልጅ ልጆቼን ሳሳድግ የእናንተንም ጽሑፍ ማንበብ ጀመርሁ። የምትጽፍልኝ ትልቋ የልጅ ልጄ ናት።

ልጄ፣ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ተጠምቀው ያኔውኑ ይቆርባሉ። የትንሿን ጥያቄ እኔም አማቼን ጠይቄው አውቃለሁ፤ «ሕጋችን ነው» ብሎኝ አለፈ። ምክንያቱን የሚያውቅ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ስለ ጩኸቱ ግን አትጨነቂ። በእኛ ዘንድ ግቢው ሰፊ ነው፤ እናት ልጇን አዝላ ዛፍ ሥር ታስቀድሳለች፤ ሕፃኑ አፈር ይጫወታል፤ ማንም ቀና ብሎ አያያትም። ውጭ ቆመሽ የሰማሽው ቅዳሴ ቅዳሴ አይደለም ያለሽ ማን ነው? እኔ ስድስት ልጆች ያሳደግሁት ደጅ ቆሜ እያስቀደስሁ ነው።

---

የትምህርተ ክርስቶስ መምህር

እማማ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ አማችዎ ያለፈው ጉዳይ መልስ አለው።

በጥንት ዘመን በምሥራቅም በምዕራብም ሕፃን ሲጠመቅ ይቆርብ ነበር። ምሥራቆቹ ይዘውት ቆዩ። በምዕራቡ፣ በላቲኑ ወገን ግን በመካከለኛው ዘመን እየቀረ ሄደ፤ ቁርባኑን ለይቶ የሚያውቅበት ዕድሜ ይድረስ ተባለ። ያ ዕድሜ እየተገፋ ሄዶ በአንዳንድ አገር አሥርም አሥራ አራትም ዓመት የሚያስጠብቁ ነበሩ። ይህን ያስቆሙት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 10ኛ ናቸው። በነሐሴ 1910 እ.ኤ.አ. በወጣው ድንጋጌ፣ ልጅ ማመዛዘን ሲጀምር፣ በሰባት ዓመት አካባቢ፣ ቁርባን አይከልከል ተባለ። የእኛ የሐረር ቪካርያት (ሀገረ ስብከታችን ማለት ነው) የላቲን ሥርዓት ስለሚከተል ይህ ነው የሚሠራው።

ወይዘሮ፣ ልጅሽ ስድስት ከሆነች ቀርቧታል። «አንቺ ትምህርቱን ተምረሽ፣ ንስሐ ገብተሽ፣ ራስሽ ጠይቀሽ ትቀበያለሽ» በያት። እንደ ተከለከለች ሳይሆን እንደ ተዘጋጀላት ትስማው። ጥያቄውን ራሱ ግን አታጥፊባት፤ የስድስት ዓመት ልጅ ቁርባን ሲያምራት ማየት ለመምህር ትልቅ ነገር ነው።

---

ከአዲስ አበባ

መምህር፣ ለተሟላነቱ አንድ ነገር ልጨምር። ካቶሊክ ሁሉ ላቲን አይደለም። እኛ የግእዝ ሥርዓት ካቶሊኮች ነን፤ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና ለተጠመቀ ሕፃን ቁርባን መስጠትን ያውቀዋል። ስለዚህ ለልጅቷ «እኛ ካቶሊኮች እንዲህ ነን» ከማለት «በእኛ ሥርዓት እንዲህ ነው» ማለቱ ይቀርባል።

---

ቀጥተኛ መንገድ

ሁለቱም ተሳስተዋል። ሕፃን ማጥመቅ ራሱ በመጽሐፍ ቅዱስ

*[ይህ መልስ ከርዕሱ ውጭ በመሆኑ ቀሪው ተነሥቷል። የጥምቀት ክርክር የራሱ ክር አለው። እዚህ ጥያቄ ያቀረበችው እናት ናት፤ ለእሷ መልሱላት። — አስተናባሪ]*

---

ጎረቤት ከመጋላ

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ አንብቤ ማለፍ አልቻልሁም። የእናንተን ክር ስታነብ ያየኋት የቤቴ ተከራይ ካቶሊክ ናት፤ ከእሷ ስልክ ላይ ነው የጀመርሁት።

ስለ ልጅ ጩኸት በእኛም መስጊድ የሚቆጣ አይጠፋም። አባቴ ለእነዚህ ሰዎች ሁለት ሐዲስ ይነግሯቸው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሶላት ላይ ሆነው የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ እናቱ እንዳትጨነቅ ሶላቱን ያሳጥሩ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሱጁድ ላይ ሳሉ የልጅ ልጃቸው ጀርባቸው ላይ ወጣ፤ ልጁ ጠግቦ እስኪወርድ ድረስ ሱጁዳቸውን አስረዘሙ። አንዱን ለእናት ሲሉ አሳጠሩ፣ አንዱን ለልጅ ሲሉ አስረዘሙ።

የእኔና የተከራዬ ነገር እንዲህ ነው፦ እሑድ ጠዋት የእሷን ትንሽ እኔ እይዛለሁ፤ ዓርብ የእኔን እሷ ትይዝልኛለች። የረመዳን ማታ ስንጠመድ እሷ ናት ሳምቡሳውን የምትጠብሰው። የድሬ ሰው ድሮስ እንዲህ አይደል? ሳቢያን ውስጥ ጎረቤት የለሽም? ዘመዶቼ ወሊሶ ናቸው አልሽ እንጂ ስለ ጎረቤት አልተናገርሽም።

---

የሳቢያን እናት

ያዝሽኝ። ጎረቤት አለኝ። ለልብስ ማስጫ ገመድም ለስኳርም እንሄዳለን፤ ልጅ ያዥልኝ ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ልሂድ ብዬ ማስቸገሩ ከበደኝ መሰለኝ። ሐኪም ቤት ቢሆን እጠይቅ ነበር።

---

ሥርዓት ይቅደም

ሁላችሁም በእኔ ላይ ሆናችኋል፤ ይሁን። ግን የሐረርን ታሪክ አንርሳ። ሞንሲኞር ዣሮሶ፣ አቡነ እንድርያስ የምንላቸው፣ ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቪካርያቱን ሲመሩ በሚሲዮኑ ያደጉ ልጆች ጨዋዎች ነበሩ። ልጅ ተፈሪ መኮንንን፣ የኋላውን ንጉሠ ነገሥት፣ ያስተማሩት እሳቸውና ደቀ መዝሙራቸው አባ ሳሙኤል ናቸው። ያ ትውልድ ዝም ብሎ መቀመጥ ያውቅ ነበር። የዛሬ ልጅ ሥርዓት የማያውቀው ማን አስተምሮት ነው?

---

ጀጎል ያደግሁ

ጋሼ፣ ስለ አቡነ እንድርያስ ያሉት ልክ ነው፤ የሐረር ሰው ሁሉ የሚኮራበት ነው። ነገር ግን ተፈሪ ለትምህርት የቀረቡት በእግራቸው ሄደው፣ አፋቸውን ፈትተው ነው። የመምህራኑ ሥራ የጀመረው ከዚያ ነው። እናታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው የሞቱት፤ አባታቸው ራስ መኮንን አገር በማስተዳደርና በዘመቻ ላይ ነበሩ። ያን ሕፃን ሌሊት ተነሥተው ያባበሉት፣ ያቀፉት፣ አፍንጫውን የጠረጉት ሌሎች ሰዎች ናቸው። እርስዎ የመምህሩን ስም ያውቃሉ፤ ያዘሉትንስ?

እኔን ይህ ክር ያስገረመኝ ሁላችንም ለዚህች ልጅ እንዴት መጸለይ እንዳለባት እየመከርናት መሆኑ ነው። ልጁን የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋታል።

---

የሁለት ልጆች አባት

ወንዶች የት አላችሁ ለማለት ነው የገባሁት። እስካሁን አንድ ወንድ ጻፈ፤ እሱም ልጅ ይጮሃል ለማለት። (ይቅርታ ጋሼ። መምህርን የማን ወገን እንደምቆጥር ደግሞ አላወቅሁም።)

ልጆቻችንን ስናስጠምቅ በእምነት ለማሳደግ ቃል የተጠየቅነው ሁለታችንም ነን፤ እናትን ብቻ አልጠየቁም። እኔ የምሠራው ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ነው። እሑድ ነፃ ስሆን ሁለቱን ይዤ በመጀመሪያው ቅዳሴ እሄዳለሁ፤ ባለቤቴ በሁለተኛው ብቻዋን ትሄዳለች። መጀመሪያ ሰሞን ሰዎች «እናታቸው ታመመች እንዴ?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ልጅ የያዘ አባት ሲያዩ ቦታ ይለቁለታል፤ ፈገግ ይሉለታል። ልጅ የያዘች እናት ሲያዩ ይገላምጣሉ። ይህን በዓይኔ ያየሁት ነው።

የጠያቂዋ ባል እንደኔ ቅርብ አይደለም፤ እሱን መውቀሴ አይደለም። በቤት ሲውል ግን የመጀመሪያው እሑድ የማን እንደሆነ ከወዲሁ ይነጋገሩ።

---

የሌሊት ተረኛ

ነርስ ነኝ፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ። ስለ ማታው ጸሎት ማንም ስላልመለሰላት እኔ ልሞክር።

መቁጠሪያውን አምስቱንም ምሥጢር ማታ ተቀምጠሽ ለመጨረስ ከፈለግሽ መተኛትሽ አይቀርም፤ ሰውነትሽ ትክክል ነው። እኔ እከፋፍለዋለሁ። አንዱን ምሥጢር፣ አሥሩን «ሰላም ለኪ»፣ ልብስ ሳጥብ። ሌላውን ወደ ሥራ ስሄድ። አንዱን ደግሞ ልጆቹን ሳስተኛ ጮክ ብዬ፤ እነሱ በሦስተኛው «ሰላም ለኪ» ይተኛሉ፣ እኔ እጨርሳለሁ። ካልተሳካም አንዱ ብቻ ይበቃል። ትልቋ ከፈለገች መቁጠሪያውን እሷ ትያዝ፤ ቁጥር መቁጠርም ትለማመዳለች። ትምህርተ ክርስቶሱ ቁጥር 2685 ክርስቲያናዊ ቤተሰብን የመጀመሪያው የጸሎት ትምህርት ቤት ያደርገዋል፤ የትምህርት ቤት ጫጫታም ያው የታወቀ ነው።

ስትደክሚ ቅድስት ዜሊ ማርቲንን አስቢ። የቅድስት ትሬዛ ዘሕፃን ኢየሱስ እናት ናት። ዘጠኝ ልጆች ወልዳ አራቱን በሕፃንነታቸው ቀብራለች፤ እንዲያም ሆኖ የዳንቴል ሥራ ድርጅት ታስተዳድር ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ከባሏ ከሉዊ ጋር አብረው ቅዱሳን ተባሉ።

---

የሳቢያን እናት

የሌሊት ተረኛ፣ መከፋፈሉን ወድጄዋለሁ፤ ዛሬውኑ ልብስ ሳሰጣ ጀምሬአለሁ። ከቅዱሳን እናቶች ጋር ግን አታወዳድሩኝ፤ እለምናችኋለሁ። ስማቸው ሲጠራ ልቤ ይበልጥ ይደክማል። ዘጠኝ ልጅ፣ የዳንቴል ድርጅት፣ ከዚያም ቅድስና! እኔ ሦስት ይዤ ገና ሽንኩርት ሳልከትፍ ይመሻል።

---

የትምህርተ ክርስቶስ መምህር

እንግዲያው ስለ ዜሊ ማርቲን ብዙ ጊዜ የማይነገረውን ልንገርሽ። ቤቷ ውስጥ ሠራተኛ ነበረቻት። ባሏ ሉዊ የሰዓት ሥራውን ትቶ የእሷን የዳንቴል ንግድ ያግዝ ነበር። ትሬዛን ደግሞ በ1873 እ.ኤ.አ. ስትወልዳት ማጥባት ስላልቻለች ሕፃኗ እንዳትሞትባት ገጠር ውስጥ ላለች አጥቢ ሴት ሰጠቻት። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቃት ቅድስት ከአንድ ዓመት በላይ ያደገችው በአንዲት ገበሬ ሴት ጡት ነው። ዜሊ ሁሉንም ብቻዋን አልቻለችም፤ ብቻዋን መቻልም አልተጠየቀችም።

---

የለገሃሬ አያት

እንዲህ ብላችሁ ንገሯት እንጂ! በምስሉ ላይ ግን ሁልጊዜ እጇን አጣጥፋ ነው የሚስሏት።

በነገራችን ላይ ልጄ፣ ጾሙ ሲመጣ ታጠቢያለሽ አይደል? በእኛ ዘንድ የምታጠባ ሴት ስትደክም ለንስሐ አባቷ ነግራ ይፈቀድላታል። የእናንተን አላውቅም።

---

የሌሊት ተረኛ

እማማ፣ በላቲኑ ቀኖና የመጾም ግዴታ ከ18 ዓመት ጀምሮ 59 ዓመት እስኪሞላ ነው፤ ከሥጋ መከልከል ደግሞ ከ14 ዓመት ጀምሮ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ጤናቸውን እንዲጎዱ አይጠየቁም። እንደ ነርስ ደግሞ እላለሁ፦ ብዪ፤ ውኃ ጠጪ። ቆላ ውስጥ ነው ያለሽው። ከቁርባን በፊት ያለውም ጾም አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ውኃ አይቆጠርም። ባዶ ሆድሽን ሕፃን አዝለሽ ፀሐይ ላይ አትቁሚ።

---

ጀጎል ያደግሁ

ቤት ውስጥ ልጆች በእጃቸው የሚነኩት ነገር ይኑር። በገና የግርግሙን ምስል እንሠራለን። ካፑቺኖቹ መነኮሳት የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ልጆች ስለሆኑ ሐረር ውስጥ ሲወደድ የኖረ ነገር ነው፤ በ1223 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ግሬቾ ላይ የመጀመሪያውን ያዘጋጀው ፍራንቸስኮስ ነው። የእኔ ሦስተኛው ልጅ በአንድ ገና ከበጎቹ አጠገብ ከጭቃ የሠራውን ጅብ አስቀመጠ። «ጅብ ሕፃኑን ይበላዋል» ብትለው እህቱ፣ «የሐረር ጅብ ሰው አይበላም፤ ሥጋ ይሰጡታል» አላት። ጅቡ እስከ ጥምቀት ድረስ ከእረኞቹ ጋር ቆመ። አባ ቤታችንን ሊባርኩ መጥተው ሲያዩት ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

---

የሁለት ልጆች አባት

ወሬውን ወደ ሥራ እንለውጠው? ድሬ ያለን ሰዎች ስንሆን፣ ከሁለተኛው ቅዳሴ በፊት ትምህርተ ክርስቶስ የሚሰጥበት ክፍል በቅዳሴው ሰዓት ባዶ ነው። ሁለት ሁለት ሰው ተራ ገብተን ሕፃናቱን በስብከቱ ጊዜ ብንይዝስ? መምህር፣ ይህ ይፈቀዳል? ወይስ ልጆቹን ማባረር ይሆናል?

---

የትምህርተ ክርስቶስ መምህር

ይፈቀዳል፤ ከተጻፈም ቆይቷል። በኅዳር 1973 እ.ኤ.አ. ከሮም የወጣው ከልጆች ጋር ስለሚደረግ ቅዳሴ የሚናገር መመሪያ አለ። ገና መሳተፍ የማይችሉ ሕፃናትን የቁምስናው ረዳቶች በሌላ ቦታ ሊጠብቋቸው፣ በቅዳሴው መጨረሻም አምጥተው ከሕዝቡ ጋር እንዲባረኩ ሊደረግ እንደሚችል ይናገራል። ከፍ ከፍ ላሉት ልጆች ደግሞ የንባቡን ክፍል ለብቻቸው በሚገባቸው ቋንቋ ማድረግ ይቻላል፤ ከዚያ ለመሥዋዕቱ ወደ ወላጆቻቸው ይመለሳሉ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ልጇን ይዛ መግባት የምትፈልግ እናት አትገደድ። ሁለተኛ፣ ልጅ የሚጠብቁት ሰዎች ሁልጊዜ ከሁለት አያንሱ፤ በሩም ክፍት ይሁን። ይህን ለቆሞሱ ሳናሳውቅ አንጀምርም።

---

የሳቢያን እናት

እኔ መጀመሪያ ተራ ልግባ፤ ያለዚያ ልጄን ለመስጠት አፍራለሁ። ለጎረቤቴም ዛሬ ነገርኋት። «ይህን ለመጠየቅ ይህን ያህል ቆየሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። ትንሹን በዚህ እሑድ እሷ ትይዘዋለች። ሁለቱን ይዤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ እቀመጣለሁ።

ለአባ ማን ይንገራቸው?

---

የሁለት ልጆች አባት

እኔና መምህር ሐሙስ ማታ እንሄዳለን። ምንጣፍ ያለው ይጻፍልን፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው።

---

ጎረቤት ከመጋላ

ምንጣፍ ከእኔ ጋር አለ። ተከራዬ ታመጣላችኋለች። እንዲመለስ ግን እፈልጋለሁ።

---

ሥርዓት ይቅደም

ሕፃናቱ የሚሰበሰቡት በየትኛው ቅዳሴ እንደሆነ በግልጽ ይነገረን። በሌላኛው እንድሄድ ነው።

---

ጀጎል ያደግሁ

ሁለተኛው ነው ጋሼ። በመጀመሪያው ደግሞ አባትየው ከሁለት ልጆቹ ጋር አለ፤ ራቅ ብለው ይቀመጡ።